ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ወደ ሕሙማን አልጋ

እንግሊዛዊውን የጦር አብራሪ ሌናርድ ቼሻየርን ዛሬ በጸሎት እናስባቸዋለን፤ ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመቶ ጊዜ በላይ ለድብደባ በረሩ፤ በ1942 ሃሊፋክስ የተባለውን ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ማብረርን ለሌሎች አስተማሩ፤ በ1945 በናጋሳኪ ላይ የወደቀውን አቶሚክ ቦምብ ከአየር ሆነው በዓይናቸው አዩ። በ1946 ከጦሩ ተሰናበቱ።

በ1948 አንድ በካንሰር የሚሠቃይ ሰው መጠጊያ አጣ። ሐኪሞች ሊያድኑት አልቻሉም፤ የሚቀበለውም ቤት አልተገኘም። ከመካከላችን ማን በሩን ይከፍትለት ነበር? ቼሻየር ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ እስኪሞትም ድረስ ራሳቸው አስታመሙት። የአስታማሚነት ሞያ አልነበራቸውም፤ አብራሪዎችን ያሠለጠኑት መምህር ይህን የተማሩት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። መምህራን ነን የምንል እዚህ ላይ ቆም ብንል መልካም ነው።

በዚያው ዓመት በልደት ዋዜማ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ቤታቸው በሌሎች ሕሙማን ተሞላ፤ መሰሎቹም በብዙ አገሮች ተከፈቱ። በ1962 ሥራው አገራችን ደረሰ፤ በመናገሻም በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናት መጠጊያ አገኙ። መሥራቹም በመጨረሻ ሰውነትን በሚያዝል የነርቭ ሕመም ተይዘው፣ በሰው እጅ እየተረዱ በ1992 ዐረፉ።