ስም የሚጠራ አፍ፣ ስም የሚጽፍ እጅ

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ዳበል ውስጥ ሱቅ አለኝ። የዱቤ ደብተሬን የምይዘው በፊደላችን ነው። ደንበኞቼ ቦረና፣ ሳኩዬና ቡርጂ ናቸው፤ ወርቅ ፍለጋ ከኢትዮጵያ የተሻገሩም አሉ። ዋቆ የሚባል ሰው ስኳር ሲወስድ «ዋቆ» ብዬ እጽፋለሁ። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ግን ይህ ስም ብዙ ጊዜ «ዋኮ» ሆኖ ይገኛል። ዋቃ ማለት በኦሮምኛ ፈጣሪ ነው፤ ፈጣሪው ከስሙ ወጥቶ ቀረ።

እንግሊዝኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ የሉትም። በልጅነቱ ያልሰማውን ድምፅ ትልቅ ሰው አውጣ ቢሉት ይቸገራል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሸንፍ ዓለም «ቢኪላ» አለው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ የላቲኑ ፊደል በስዋሂሊ ልማድ ስለሚነበብ በቀለ «ቤኬሌ» ይሆናል። የእኔም ፊደል ቢሆን ሁሉን አይችልም፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ቦረና ወደ ውስጥ ስቦ የሚያወጣው «ዽ»ም በተለመደው የአማርኛ ገበታ ላይ የለም።

ታዲያ ስሙ በልኩ ያልተጠራ ሰው ተጠርቷል ወይስ አልተጠራም?

ዳበል ውስጥ ሙስሊሙ ዒሳ ይላል፤ በስዋሂሊ የሚጸልየው ዬሱ፣ እኔ ኢየሱስ እላለሁ። ሁላችንም የማርያምን ልጅ ማለታችን ነው። ፈጣሪ የልብን የሚሰማ ከሆነ፣ ጥሪው ያለው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ ማንን ብሎ እንደጠራ በሚያውቀው ልብ ውስጥም ነው። ስለዚህ ዋቆን «ዋኮ» ብሎ የሚጣራውን እንግዳ አልወቅሰውም።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ግን የሚያስፈራ ነገር አለ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው «ኤፍሬማዊ አይደለሁም» የሚለውን አላፊ ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። ምላሱ እንቢ ብሎት «ሲቦሌት» ያለውን ያርዱታል። ከኤፍሬም ወገን 42,000 ሰው አለቀ። ድንበር ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን እንደ ጥንት ወሬ ማንበብ አይሆንልንም። እዚያ ኃጢአቱ የነበረው ቃሉን ማውጣት ባቃተው ምላስ ላይ ሳይሆን መሻገሪያውን በያዘው ሰው ላይ ነበር።

የእኔም ክርክር ከአፍ ጋር አይደለም፣ ከእጅ ጋር ነው። አፍ የተናገረውን ነገ ያቃናዋል። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ግን ባለቤቱን ይገዛዋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት በወረቀቱ አጠራር ሲጠራ «አቤት» እያለ ያድጋል፤ ውሎ አድሮ እናቱ ያወጣችለት ስም ለራሱ ጆሮ እንግዳ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እዚሁ ዳበል አካባቢ ሂሎ በተባለው የወርቅ ማውጫ አፈር ተንዶ ሰው ሞቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ሰው ስም በአንዱ ወረቀት በ«ቀ»፣ በሌላው በ«ከ» ተጽፎ ከተገኘ፣ ለዘመድ መርዶ የሚያደርሰው ሰው ማንን ብሎ ያፈላልጋል? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ሟቹን በጸሎት የሚያነሣው በክርስትና ስሙ ነው፤ ካላወቀው ቤተ ሰቡን ይጠይቃል። በግምት አይጠራም።

«ቀ»ን በልኩ መጻፍ ምኑ ይከብዳል? ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በሚጠቀምበት ቁቤ «ቀ» የራሷ የላቲን ፊደል አላት፤ ያቺው ፊደል በየቢሮው መጻፊያ ላይ ትገኛለች።

መዝገብ የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤቱ ስሙን ራሱ ይጥራላችሁ። የጻፋችሁትንም መልሳችሁ አንብቡለት። ወላጆችም ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ወረቀቱን ሳታዩ ከመስኮቱ አትነሡ።