በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ ዕቃን ስለ መተው

የሰው ዕቃ በተሰረቀ ጊዜ በደለኛው ሌባው ብቻ ነውን? ወይስ ባለ ዕቃውም የሚናዘዘው ነገር አለው? ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው ከንቱ ይመስል ይሆናል፤ አስቀድሞ ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወጣቶች ብዙዎቹ በማለዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ እንጦጦ ተራራ ወጥተው ይሮጣሉ። መልካም ነው፤ ሥጋችንም የእግዚአብሔር ሥራ ነውና። ነገር ግን ሲመለሱ አንዳንዶቹ አውቶሞቢላቸውን በፒያሳ ያቆሙና የሩጫ ጫማቸውን በመቀመጫው ላይ ለዓይን ገልጠው ትተው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ።

እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ለጉባኤያችን ወጣቶች የገዛሁትን የኳስ ጫማ በአውቶሞቢል ውስጥ ትቼ ሄድሁ፤ ስመለስ መስተዋቱ ተሰብሮ ጫማው ጠፍቶ አገኘሁ። በዚያ ሥፍራ አውቶሞቢል የሚጠብቅ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ብላቴና ነበረ። ሳልመረምር ሌባ ብዬ ጮኽሁበት፤ ሰዎችም ተሰብስበው ያዙት። እርሱም እያለቀሰ፦ «ጋሼ፥ እኔስ ሦስት ጊዜ አየሁት፥ ሦስት ጊዜም ፊቴን አዞርሁ፤ ወደ ማዶ ስሻገር የመጣው ግን ፊቱን አላዞረም» አለኝ። በአጠገቡ ቆሎ የምትሸጥ ሴትም እውነት መናገሩን መሰከረችለት። ይቅርታ ለመንሁት፤ እፍረቴ ግን ከጫማው ዋጋ ይልቅ ከበደኝ።

ወንድሜ ሆይ፥ የሙሴን ሕግ ተመልከት። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ማንም ከጣራው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ ያደርግለት ዘንድ ታዟል። ጣራው የባለቤቱ ነው፤ የራሱ መሆኑ ግን ስለ ባልንጀራው ከማሰብ ነፃ አላወጣውም።

«በሬ አእምሮ የለውም፤ ሌባ ግን አውቆ ይሰርቃል» የሚል ቢኖር እውነት ተናገረ። የሌባው በደል በራሱ ላይ ይኖራል፤ በእኛ ቸልተኝነት ምክንያት አንዳች አይቀነስለትም። የእኛ በደል ሌላ ነው፤ ይኸውም የፍቅር ጕድለት ነው። ጫማ ለሌለው ልጅ ጫማውን በመስተዋት ውስጥ አሳይተን ጠብቅልን አልነው፤ በጠፋም ጊዜ ድህነቱን ምስክር አድርገን ፈረድንበት። ይህ ሁለተኛው በደል ከፊተኛው ይከፋል።

እንግዲህ ዕቃህን ወደ ቤትህ አግባ። ይህ ባይቻልህ ከምታቆምበት ሥፍራ ሳትደርስ ከኋላው የዕቃ ማኖሪያ አግብተህ ቈልፍበት፤ ሰው እያየ የተሸሸገ ዕቃ አልተሸሸገምና። ይህንም ስለ ንብረትህ በመፍራት ብቻ አታድርገው፤ ለሚያልፈው ሰው ነፍስ በመራራት አድርገው እንጂ። የሚጠብቅልህንም ብላቴና ስሙን ጠይቀህ እወቀው፤ ስሙን ያወቅኸውን ልጅ ሳትመረምር ሌባ ማለት ይከብድሃልና።

በየማለዳው ወደ ፈተና እንዳንገባ የምንጸልይ እኛ፥ በቀትር በባልንጀራችን መንገድ ላይ ፈተና ልናኖር አይገባንም። ጌታ ልባችንን ያንቃ። አሜን።