ዘይት በሰዓት እንጂ በመልክ አይቀየርም

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ቆላ የእርሻ ጊዜ አጭር ናት። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ማሽላውም ጤፉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዘራት አለበት። ባለ ትራክተር በዚያ ሰሞን ዕረፍት የለውም፤ አንዱን ማሳ ሳይጨርስ ሌላው ደንበኛ ይደውላል። «ዘይቱን ሥራ ሲበርድ እቀይረዋለሁ» የሚባለውም ያኔ ነው። ወገኖቼ፣ ይህችን ንግግር እንተዋት። ሞተር የሚጎዳው ሥራ ሲበርድ ሳይሆን ሥራ ሲበዛ ነው።

እስቲ እናስላው። አዲስ አነስተኛ ትራክተር የመጀመሪያ ዘይቱ የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ 50 ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው፤ አዲሶቹ ብረቶች ሲፋተጉ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላልና። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ አምራቾች እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ100 ወይም በየ200 ሰዓቱ፣ ሰዓቱ ባይሞላም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲቀየር ያዛሉ። በቀን 10 ሰዓት የሚያርስ ትራክተር 200 ሰዓት የሚሞላው በ20 ቀን ነው። ሰኔ መባቻ ላይ ዘይት ቀይሮ መስከረምን የሚጠብቅ ሰው ታዲያ ስንት ጊዜ እንዳለፈው ራሱ ይቁጠረው።

የውሃ ሞተር ያላችሁ የጊራና ሸለቆ አትክልት አምራቾች ደግሞ ከዚህ የባሰ መጠንቀቅ አለባችሁ። በቤንዚን የሚሠራው ትንሹ የመስኖ ሞተር የሚይዘው ዘይት ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ፊልትሮ እንኳ የለውም። የመጀመሪያው ዘይት 20 ሰዓት ያህል ሲሠራ፣ ቀጣዩ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። ሽንኩርት ለማጠጣት በቀን 5 ሰዓት የሚነሳ ሞተር በ20 ቀን 100 ሰዓት ይሞላል። በሦስት ወር 450 ሰዓት ሠራ ማለት ነው፤ አራት ጊዜ ዘይት መቀየር ነበረበት። ስንቶቻችን አራት ጊዜ ቀይረናል?

«ዘይቱን አየሁት፣ ገና ነው» የሚል አለ። ዓይን ግን እዚህ ላይ ያታልላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጥላሸት ስለሚይዝ ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ብቻውን አለቀ ማለት አይደለም። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ዘይቱ ገና ቀላ ብሎ እየታየ ጉልበቱ ሊያልቅ ይችላል። መልክ የሚጠቅመው ሌላ በሽታ ለማወቅ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና መጠኑ ከፍ ካለ ነዳጅ እየገባበት ነው። የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብረት ካለበት ውስጡ እየተፋቀ ነው። እነዚህን ያየ ሰው ዘይት ቀይሮ ዝም አይበል፤ ሞተሩን አጥፍቶ መካኒክ ይጥራ።

አቧራም ሒሳቡን ይለውጠዋል። የአየር ፊልትሮው የቆሸሸ ወይም የተቀደደ ከሆነ የማሳው አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ፒስተኑን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስለዚህ በደረቅ መሬት የምታርሱ ሰዎች የአየር ፊልትሮውን በየዕለቱ እዩ፤ የዘይቱን ሰዓትም ከተጻፈው አሳጥሩ።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ሞተሩን ጥቂት አስነስታችሁ አሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። በተስተካከለ ቦታ አቁሙት፤ አጥፍታችሁ አፍስሱት። ፊልትሮ ካለው አብራችሁ ቀይሩ። ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች 15 ደብሊው 40 የሚባለው ዘይት ይሆናል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሞተሩ መመሪያ ነው። መጠኑ በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል ይሁን፤ ማነሱ እንደሚጎዳ ሁሉ መብዛቱም ይጎዳል። ከሌላ መኪና የወጣ ዘይት ለውሃ ሞተር «ይበቃዋል» ብላችሁ አትጨምሩ።

ትልቁ ችግር ግን እውቀት ሳይሆን ኃላፊነት ነው። ባለቤቱ የዘይት ገንዘብ ሲጠየቅ ይቆጣል፤ ሹፌሩ በታረሰው መሬት ልክ ስለሚከፈለው ቆሞ ዘይት መቀየር ኪሳራ ይመስለዋል፤ የማኅበር ንብረት ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ሌላው ቀይሮታል ብሎ ያምናል። ሞተሩ ሲንኳኳ ሁሉም ይሰበሰባል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው ይጻፍበት። የሰዓት ቆጣሪ ያለው ትራክተር ቁጥሩ ይገልበጥ፤ የሌለው የውሃ ሞተር የተነሳበትና የጠፋበት ሰዓት ይመዝገብ። ከየዕለቱ ኪራይም የዘይት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ያኔ «ገንዘብ አልነበረም» የሚል ሰበብ አይኖርም።

ወልድያና አካባቢዋ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ንብረት አጥተዋል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ቢፈቅድም መሣሪያውም መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በእጃችን ያለው ሞተር ዕድሜ እንዲያገኝ ማድረግ ከአዲስ ግዢ ይቀድማል። ትምህርቱን ሊያግዙ የሚችሉ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ፣ በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አሉን። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ዘርና ማዳበሪያ በሚያስተምሩበት መድረክ ላይ ስለ ሞተር ሰዓትም ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩ ትልቅ ውለታ ነው።

የወጣውን ዘይት በተመለከተም አንድ ቃል። በጉድጓድ ዳር፣ በቦይ ወይም በማሳ ላይ አትድፉት። የሸለቆው መስኖ ከከርሰ ምድር ውሃም የሚጠጣ ነው፤ አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እጅግ ብዙ ውሃ ያበላሻል። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ደብተሩን ግዙ፤ የመጨረሻው ዘይት የተቀየረበትን ቀን ጻፉበት። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ዘይቱን ቀይሩ።