ሁለት ወይም ሦስት ምስክር

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 5፣ በቀሲስ፣ ማለትም በሽማግሌ፣ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሳይቆም እንዳይሰማ፣ ጥፋቱ የተረጋገጠበት ግን በጉባኤ መካከል እንዲገሠጽ ያዝዛል።

ምስክር ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፦ ካህን ባላንጣ አያጣም። በንስሐ የገሠጸው ያኮርፋል፣ ሹመት የከለከለው ቂም ይይዛል። በአንድ ሰው አፍ ስሙ እንዳይጠፋ ነው።

አንድም፦ ምስክር የተጠየቀው ነገሩ እንዲወጣ እንጂ እንዲዳፈን አይደለም። ምስክር ይቁም ያለ፣ የሚቆምበትን ቦታም ስጡት ማለቱ ነው። «ማስረጃ አምጡ» እያለ መዝገቡን የሚቆልፍ አስተዳዳሪ ትእዛዙን ግማሽ ላይ ትቶታል።

ታሪክ፦ በካርቱም ባህሪ የሱዳን ወንጌላዊት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ግቢ ነበራት። ምእመናኑ የማይቀበሉት፣ መንግሥት ግን የደገፈው ኮሚቴ መሬቱን ለባለሀብት አሳልፎ ሰጠ። ምእመናኑ እምቢ ብለው ግቢው ውስጥ እየጸለዩ ሰነበቱ። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ፖሊስ ከግቢው ከፊሉን አፈረሰ፣ ሰዎችም አሰረ። በታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ ልጁን ሊያሳክም ከደቡብ ሱዳን የመጣው ፓስተር ያት ማይክል እዚያው ቆሞ ሰበከ፤ ሽያጩን ነቀፈ። በዚያው ተያዘ። በጥር ደግሞ ፓስተር ፒተር የን ወዳጁ የት እንደገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለሃይማኖት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይዞ ሄደ። በእጁ የነበረው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱንም አሰሩት። ከተከሰሱበት ውስጥ ስለላና ሕገ መንግሥታዊውን ሥርዓት መናድ ይገኙበታል፤ ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርስ ነበር። ሐምሌ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በቀለለ ወንጀል ተፈርዶባቸው የታሰሩበት ጊዜ ታስቦላቸው ወጡ።

አንድም፦ «ሁለት ወይም ሦስት» ማለቱ አንዱ ሲያዝ ሌላው እንዲተካ ነው። ያት ሲታሰር ፒተር ተከተለ። ሦስተኛው ማን ነው ቢሉ፦ መጋቢት 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ኦምዱርማን የሚገኘው የወንጌላዊት ትምህርት ቤት ሊነጠቅ ሲል የመከተ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በስለት ተወግቶ ሞተ። በግእዝ ሰማዕት ሲባል ምስክሮችም ናቸው፣ ስለ እምነታቸው የሞቱም ናቸው፤ ቋንቋው ሁለቱን አልለያቸውም። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ሽማግሌ እንዲከሰስ በተሠራ ሥርዓት ውስጥ ሽማግሌው ራሱ ምስክር ሆኖ ወደቀ።

አንድም፦ ገሥጽ የተባለው ጢሞቴዎስ ነው እንጂ ቄሣር አይደለም። የእኛም ቤት ይህን ያውቃል። ደርግ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. በደል ደርድሮ ከመንበር አወረደ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በስውር ገደለ። ያ ተጠያቂነት አልነበረም፤ በቀል ነው። ቢሆንም «የቄሣር እጅ እንዳይገባ ዝም እንበል» የሚሉትን አልቀበልም። ጉባኤው ራሱ በጊዜ ያልጠየቀውን አባት፣ ዱላ የያዘ ባዕድ መጥቶ ሲጠይቀው ጉባኤው የሚመልሰው ያጣል። ሒሳብ በየዓመቱ በአደባባይ ይነበብ፣ ሹመት በምእመናን ፊት ይሰጥ፣ ቅሬታ ያለው ያለ ፍርሃት ይግባ።

አንድም፦ ግሣጼው በጉባኤ የሆነው ሌሎቹ እንዲፈሩ ነው፤ ፍርሃቱ ለበደለኛው ነው። በባህሪ ግን ፍርሃት የገባው ከመድረክ ወርዶ ወደ ቤቱ ለሚሄደው ሰባኪ፣ ደብዳቤ ይዞ በር ለሚያንኳኳው ወዳጅ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከተማይቱ ስትበተን ያ ጉባኤም ተበተነ። አሁን በስደት ያሉት ምእመናን ሲመለሱ፣ ከፈረሰው ግንብ በፊት ሊያቆሙት የሚገባው ምስክር የሚሰማበትን ወንበር ነው።