የድስቱ ውስጥና ውጭ

በኢስፋሃን ከተማ፣ ከናቅሸ ጀሃን አደባባይ ዙሪያ ባለው ገበያ፣ የመዳብ ሠሪዎች መዶሻ ድምፅ ዛሬም ይሰማል። ቀራጺው በዕቃው ገላ ላይ ሐረግ፣ ወፍና የአደን ትርዒት ያሳርፋል። ሙያው ቀለምዘኒ ይባላል፤ ኪነ ጥበብ መሆኑንም የሚጠራጠር የለም።

ምግብ የሚበስለው ግን በድስቱ ውስጥ ነው። መዳብ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው እየሟሟ ምግቡን ይመርዛል። የኢራን ወጥ ደግሞ ኮምጣጣ ይወዳል፤ ፌሴንጃን የሚባለው ከተፈጨ ዋልነትና ከሮማን ጭማቂ ይሠራል። ስለዚህ የመዳብ ድስት ውስጡ ቲን በተባለው ነጭ ብረት ይለበጣል። ለባጩ ሰፊድገር ይሉታል፤ «ነጭ አድራጊ» ማለት ነው። ረዳቱ፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ፣ በባዶ እግሩ ድስቱ ውስጥ ቆሞ አሸዋ እየረገጠ፣ ወገቡን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ዕቃውን ያጸዳል። ባለሙያው ድስቱን በፍም ላይ አግሎ፣ ኑሻዲር የሚሉትን ጨው ነስንሶ፣ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠውን ቲን በጥጥ እያሸ ያዳርሳል። ጢሱ ጉሮሮ ይከረክራል። ልባጡም በማማሰያ እየተፋቀ ሲያልቅ ሥራው እንደገና ከአሸዋው ይጀምራል።

የቀራጺው ሥራ ይቆያል፤ የለባጩ በአገልግሎት ያልቃል። ታዲያ የሥራ ክብር የሚለካው በመቆየቱ ነውን? ይህን ሚዛን ያበጁት ድስቱን የሚያዩ እንጂ በድስቱ የሚያበስሉ ሰዎች አይደሉም። ሐረጉ ባይኖር ወጡ አይጎድልበትም፤ ልባጡ ባይኖር ግን በላተኛው ይታመማል።

በሃያኛው መቶ ዘመን የአሉሚኒየም ድስት ገበያውን ያዘ። የቤት እመቤቲቱ ቀላሉንና ርካሹን መምረጧ አያስወቅሳትም፤ ያ ልጅም ወደ አሸዋው ይመለስ የሚል ቢኖር አንድ ቀን ራሱ ይርገጥ። አሳሳቢው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መዳቡ ቅርስ ተብሎ ግድግዳ ላይ ወጣ። የተሰቀለ ድስት ልባጥ አይሻም። ስለዚህ ቀራጺው ለጎብኚ መሸጡን ሲቀጥል፣ የለባጩ ደንበኛ እያደር ሳሳ። ዕቃውን ለማዳን የተደረገው አድናቆት ዕቃውን ድስት ያደረገውን ሙያ አላዳነም።

በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ የመዳብ ድስት የሚያኖር ባለሙያ አፉን ወደ ተመልካቹ ቢያዘነብለው፣ ከጎኑም አንድ እፍኝ አሸዋና አንድ ቁራጭ ኑሻዲር ቢያስቀምጥ፣ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም።