የሰው ወርቅ አያደምቅ

ልጄ፣ ዕጣው ወጥቶልሽ የገባሽበት ኮንዶሚኒየም የሰላም፣ የጤናና የልጅ ቤት ይሁንልሽ። ሳሎንሽን በጥንት ዕቃ ማስዋብ እንዳሰብሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ገንዘብ ይዘሽ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት የምልሽን ስሚኝ። አሮጌ ዕቃ ቤት የሚያደምቀው ባለቤቱ ከየት እንደመጣ ሲያውቅ፣ አያያዙን ሲችልበትና በንጹሕ እጅ ያገኘው ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግድግዳው ይሞላል እንጂ ቤቱ አያምርም።

ፍለጋውን ከራስሽ ዘመድ ቤት ጀምሪ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የእናትሽ ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ሥር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ የቀንድ ዋንጫው፣ የከሰል ካውያው፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣው የሠርግ ፎቶግራፍ ከድሮ ሰው ቤት አይጠፋም። በብዙ ቤት ግን ትልቁ ሰው ሲያርፍ ወይም ቤቱ ሲለቀቅ ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ለቆራሌው ይሰጣል፤ በእጅ የተፈተለው ጋቢ ለልዋጭ ወጥቶ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ይገባል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። አንቺ ሳይናድ ድረሺ። ትልልቆቹ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጪና ጠይቂ፦ ይህን መሶብ ማን ሰፋው? ለማን ሠርግ ተሰፋ? ከየትኛው አገር ተጭኖ መጣ? መልሱን በወረቀት ጽፈሽ ከዕቃው ጋር አስቀምጪ። ያ ወረቀት ከሌለ የልጅ ልጆችሽ እጅ የሚገባው ስሙ የጠፋበት አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው።

መሶቡን ካገኘሽ ደግሞ ጊዜ ሰጥተሽ እዪው። ሰንደዶና አክርማ ተለቅሞ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ ቀዳዳ በቀዳዳ የተሰፋ የወራት ሥራ ነው። ክዳኑን ገልብጪና ውስጡን ከውጪው ጋር አስተያዪ። ውጪው ቀይ የነበረው ወደ ሮዝ፣ አረንጓዴው ወደ ገለባ መልክ ሲሄድ ብርሃን ያልነካው ውስጡ የድሮ ቀለሙን እንደያዘ ታገኚዋለሽ። ይህን ያየ ሰው መሶቡን ከመስኮት ፊት ለፊት አያስቀምጥም።

የዕቃ አደራደርን ደግሞ ሐረር ጀጎል ሄደሽ ብትማሪ ደስ ይለኛል። በሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ ቢሆንም የተሰቀለው ሁሉ ቦታና ሥራ አለው፤ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎችም ለመጽሐፍና ለዕቃ የታሰቡ ናቸው። የዚያች ከተማ ሰው የሆኑት አብዱላሂ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት የጥንት ዕቃ ስብስብ ዛሬ በራስ መኮንን የቀድሞ ቤት ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። ዕቃውን ከነታሪኩ የሚሰበስብ ሰው እዚህ ድረስ ይደርሳል።

ያንቺ ሳሎን ግን ጠባብ ነውና ከሐረሪዎች ሥርዓቱን ውሰጂ፣ ብዛቱን ተዪው። ለአንድ ግድግዳ ሁለት ሦስት ነገር ይበቃል፤ ዙሪያው ባዶ ይሁን፣ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል። ከአዲሱ ሶፋ አጠገብ አንድ የጅማ በርጩማ አኑሪ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ብቻውን ክፍሉን ያስከብራል። ለቤት ምረቃው ይድረስልኝ ብለሽ ሁሉንም ባንድ ቀን አትግዢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አያያዙን በተመለከተ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶች። ስፌትን በውኃ አትጠቢ፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፣ ከእርጥብ ግድግዳም አርቂው። የድሮ እንጨት ላይ ቫርኒሽ አትቀቢ፤ ያ ጥቁር ወዙ በዘመናት የእጅ ንክኪ የመጣ ስለሆነ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። እንጨቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳና አዲስ ዱቄት ካየሽ ተባይ ገብቶበታል፤ ወደ ሌላው ሳይዛመት ለይተሽ አስቀምጪው። የብር ጌጥን በአሸዋ ወይም በሽቦ አትፈትጊ፤ ቅርጹ አብሮ ይታጠባል። ባለ ጥለቱን የድሮ ቀሚስ ዘወትር በአንድ መስመር ካጠፍሽው እዚያው ላይ ይበጠሳል፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። የአያትሽን ፎቶግራፍ አስገልብጠሽ ግልባጩን ስቀዪ፣ ዋናው ከብርሃን ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሊሠራ የሚችለውን ዕቃ ደግሞ አሠሪው፤ በበርጩማው ላይ ይቀመጡበት፣ በአገልግሉ ምግብ ይጫንበት። የውስጡ ቆርቆሮ ቅብ የለቀቀ የመዳብ ዕቃ ግን ለጤና ጠንቅ ነውና ምግብ አይቅረብበት፣ አበባ ይቀመጥበት።

ልግዛ ካልሽም ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በቀድሞው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ደጋግመሽ ጎብኚና ዓይንሽን አሠልጥኚ። ከዚያ በኋላ መርካቶም ሆነ ፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት ሱቆች ብትዞሪ ቶሎ አትታለዪም። ነጋዴው ጠገራ ብር አውጥቶ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» ቢልሽ አትደነቂ። ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። «ጥንታዊ» የተባለ በርጩማ ቢያቀርብልሽም ገልብጪው። እውነተኛ እርጅና ሰው በነካው ቦታ ላይ ይታያል፦ መቀመጫው መሐል ላይ ይለሰልሳል፣ የእግሮቹ ጫፍ ይበላል፣ እጅ የማይደርስበት ሥሩ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ከላይ እስከ ታች እኩል የጠቆረ ከሆነ በጭስ ወይም በቀለም ያረጀ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገርሽ። የብራና መጽሐፍ፣ የመቅደስ መስቀል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም የመስጊድ ቅርስ በስውር ቢያመጡልሽ፣ በነጻም ቢሆን፣ እጅሽን አትዘርጊ። ሆላንድ ሮተርዳም የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1998 ቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ከትግራይ፣ ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋ የ18ኛው መቶ ዘመን ዘውድ ነበር። ከእርሳቸው ቤት ወደ ኢትዮጵያ ካልሆነ ወደ ሌላ አይወጣም ብለው ያዙት፤ አገሩ በሰላም እስኪደርስ 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት። የካቲት 2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ሳሎን ውስጥ ቢያኖሩት ወዳጅ ዘመድ ባደነቀላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የባለቤቱን ሐቅ አስበለጡ። አንቺም እንዲህ ሁኚ። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ምእመናን የሚሳለሙት መስቀል ከቴሌቪዥን በላይ ተሰቅሎ ጌጥ አይሆንም። ሕጉንም እወቂ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ውጭ ያለች እኅትሽ «አንድ የጥንት ነገር ላኪልኝ» ብትልሽ ዛሬ የተሰፋ መልካም መሶብ ወይም በቅርብ የተፈለፈለ በርጩማ ላኪላት። የሰፊዋም የጠራቢውም ጓዳ ይሞላል፣ የማንም ቅርስ አይጎድልም።

ስለዚህ ልጄ፣ ከዘመድሽ ያገኘሽውን ከነታሪኩ ያዢ፣ የገዛሽውን መርምረሽ ግዢ፣ የማኅበር የሆነውን ለማኅበሩ ተዪ። ቤትሽ ሲጎበኝ በኩራት የምትናገሪው እንጂ የምትሸፍኚው ነገር አይኑርበት። የሰበሰብሽውን ለልጅ ልጅ ለማውረስ ያብቃሽ፤ ጓዳሽ አይጉደል፣ እንግዳሽ አይነጥፍ፣ ደጅሽ አይዘጋ። አሜን በዪ!