መመለስን አስቀድሞ ስለ መወሰን

ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሣ ሁለት ነገር ያሰናዳል፤ ስንቁንና ሐሳቡን። ስንቁ ቢጐድል በየደረሰበት ሊሞላለት ይችላል፤ ሐሳቡ ቢጐድል ግን የሚያበድረው አያገኝም። እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። መንገዱን በብዙ ጥንቃቄ የወሰነ ሰው፥ በመካከል ነገሩ ቢለወጥበት፥ በቈረጠው ይጽና ወይስ ይመለስ? ጽናት በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነውና መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቀላል አይደለም። ይህንንም በግልጥ የሚያሳየን ከአንዱ ማረፊያ ቤት ወደ ሌላው እየታደረ ብዙ ቀን የሚሄድበት የአልፕስ ተራሮች ጉዞ ነው።

በእነዚያ ተራሮች እንግዳ መቀበል የቈየ ሥራ ነው። ኢጣሊያና ስዊስ በሚዋሰኑበት፥ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ በሚባለው በር፥ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ የአኦስታ ሊቀ ዲያቆናት የነበረው በርናርድ በ11ኛው መቶ ዓመት ለመንገደኞች መጠጊያ አቆመ፤ በዚያም ካህናት እስከ ዛሬ እንግዳ ይቀበላሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. የተመሠረተው የስዊስ የአልፕስ ማኅበር በየተራራው ቤት እየሠራ ቈይቶ፥ ዛሬ 150 ያህል ማረፊያዎች አሉት። ከፈረንሳይ ከተማ ከሻሞኒ ተነሥቶ በስዊስ እስከ ዜርማት የሚደርሰው፥ «ከፍተኛው መንገድ» የተባለው ጉዞ፥ እንዲህ ባሉ ቤቶች እየታደረ ይፈጸማል።

ይህን ጉዞ የሚያስብ ሰው ገና በሸለቆ ሳለ ካርታውን ዘርግቶ ቀኑን በሰዓት ይከፍላል። የስዊስ የእግር መንገድ ምልክቶች ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይናገራሉ፤ በዳገትና በሜዳ አንድ ኪሎ ሜትር እኩል አይደለምና። በሞቃቱ ወራት ነጐድጓድ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ በበረዶ ግግሩም ላይ የስንጥቁን አፍ የሸፈነው በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ያስፈልጋል። አልጋም አስቀድሞ ይያዛል። ወደ ማረፊያው የደረሰም በመዝገቡ ላይ ስሙንና ነገ የሚሄድበትን ይጽፋል፤ ቢጠፋ የሚፈልጉት ሰዎች ከየት እንደሚጀምሩ ያውቁ ዘንድ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዕቅድ ባማረ መጠን አንድ ፈተና ያመጣል፤ ይኸውም አገልጋይ ይሆን ዘንድ የተሠራው ጌታ ሊሆን መፈለጉ ነው። ለማታ የተያዘው አልጋ ይጠራል፤ የተከፈለው ገንዘብ ያሳስባል፤ ባልንጀራ «ፈራ» እንዳይል ኀፍረት ይይዛል፤ ድካምም ከኋላ ካለው ዳገት ይልቅ ከፊት ያለውን አሳጥሮ ያሳያል። በከፍታ ላይ የቆመ ሰው በራሱ ነገር ሊፈርድ ሲል እነዚህ አራቱ ሁሉ ጉቦ ይዘው ይቀርቡታል። ጉቦ የበላ ዳኛም እንዴት እንደሚፈርድ የታወቀ ነው።

በዚሁ በከፍተኛው መንገድ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ኤፕሪል 29 ቀን፥ በበረዶ ሸርተቴ ይጓዙ የነበሩ 14 ሰዎችን ፒኝ ዳሮላ በሚባለው ተራራ አጠገብ ዐውሎ ነፋስ ያዛቸው። ቪኜት ከሚባለው ማረፊያ ቤት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቷቸው ሌሊቱን በውጭ አደሩ፤ ከእነርሱም 7ቱ ሞቱ። በእነርሱ ላይ ፍርድ መስጠት የተገባ አይደለም፤ በዚያ ጨለማ ያልነበረ ሰው ያን ሰዓት አያውቀውምና። ርቀቱ ግን ያስተምራል፤ ጥቂት ቀረ ማለት ተደረሰ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ወደ ሸለቆ ይውረድ፤ ልቡና ሳይደክም፥ ጉቦ አቅራቢዎቹም ሳይመጡ ይሰጥ። «በዚህ ሰዓት ከዚህ ስፍራ ካልደረስሁ፥ ወይም ጭጋግ ምልክቱን ከሸፈነብኝ እመለሳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው፥ በተመለሰ ጊዜ ዕቅዱን ፈጸመ እንጂ አላፈረሰም።

«እንዲህ ከሆነ ለሰነፍ በር ተከፈተለት፤ ደመና ባየ ቍጥር ይመለሳል» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ መልካም ሥራ በትንሽ ምክንያት ቀርቷልና። ነገር ግን አስቀድሞ የተቈረጠ ሰዓት በሁለት ወገን የተሳለ ነው። እልከኛውን «ተመለስ» እንደሚለው፥ ሰነፉንም «ሰዓቱ ገና ነው፥ ሰማዩም ንጹሕ ነው፤ ሂድ» ይለዋል። ጽናትና እልክ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ጽናት ግን ለተቈረጠው ሕግ ይታዘዛል፥ እልክ ለራሱ ብቻ።

የሚመለስም ሰው ነገሩ የራሱ ብቻ አይደለም። ሳያስታውቅ ቢቀር፥ ሌላ መንገደኛ ሊያርፍበት ይችል የነበረው አልጋ ባዶ ያድራል፤ ፈላጊዎችም በከንቱ ወደ ዐውሎው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ «አልመጣም» ብሎ መላክ የዕቅዱ አንድ ክፍል ነው። ቤት ለሚሠራ፥ ንግድ ለሚጀምር፥ ማኅበር ለሚያቆም ሰውም ነገሩ ይኸው ነው። ወዴት እንደሚሄድ የጻፈ ብዙ ነው፤ በምን ምክንያት እንደሚመለስና ለማን እንደሚያስታውቅ በብርሃን ሳለ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፥ የያዝኸውን ሥራ ዕቅድ ገልጠህ ተመልከት፤ የመመለሻው ሰዓት ያልተጻፈበት እንደ ሆነ፥ ገና በሸለቆ ሳለህ ጻፈው።